ያገለገለ ስልኬን ከመሸጤ በፊት የማይክሮፎኑን ችግር ለይቼ ያስጠገንኩበት መንገድ

ያገለገለ ስልክ ለመሸጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚመለከተው ስክሪኑን፣ ባትሪውንና ካሜራውን ነው። የእነዚህን ጉድለት ባለቤቱ ራሱ ስለሚያየው አይሰወርበትም። የማይክሮፎን ችግር ግን የሚታወቀው ስልኩን ለያዘው ሰው ሳይሆን በወዲያኛው ጫፍ ለሚያዳምጠው በመሆኑ፣ «ኔትዎርኩ ነው» እየተባለ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። የእኔም አንድሮይድ ስልክ እንዲሁ ነበር። የደዋዩን ድምፅ አጥርቼ እሰማለሁ፤ እሱ ግን «ድምፅሽ ይርቃል»፣ «ጮክ በይ እንጂ» ይለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለምንም ችግር እናወራለን። ስልኩን ለመሸጥ ስወስን፣ የምኖርባት ኮምቦልቻ ውስጥና ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ ስልኮችን ለሚገዙ ሱቆች ጉድለቱን ሳልደብቅ ነግሬ ዋጋ ጠየቅኩ።

የጠሩልኝ ዋጋ ሁሉ ከጠበቅኩት እጅግ ያነሰ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቅ አንደኛው ነጋዴ በግልጽ አስረዳኝ፦ «እትዬ፣ ማይኩ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ዋናው ቦርድ ከሆነ ግን ስልኩ ለመለዋወጫ ብቻ ነው የሚሆነኝ። የትኛው እንደሆነ ስላላወቅኩ በቦርዱ ሒሳብ ነው የምገዛዎት።» ዋናው ቦርድ የሚባለው የስልኩ ዋና ዋና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች ያሉበት ሰሌዳ ነው። የነጋዴው አባባል ትክክል መስሎኝ ነበር፤ አሁንም ትክክል ይመስለኛል። ችግሩ ተለይቶ ያልታወቀ ስልክ ሁልጊዜ በከባዱ ችግር ሒሳብ ይተመናል፤ ነጋዴው ለማያውቀው ነገር መድን ሊሆን አይችልምና። ስለዚህ ከመሸጤ በፊት ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ በራሴ መለየት፣ ከዚያም የሚጠገን ከሆነ ማስጠገን እንዳለብኝ ወሰንኩ። የተከተልኩትን መንገድ በዝርዝር የምጽፈው፣ ይህ ሥራ አብዛኛው ልዩ መሣሪያ የማይጠይቅና ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያደርገው የሚችል በመሆኑ ነው።

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር፣ በዛሬዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ ያለው ማይክሮፎን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። ዋናው ማይክሮፎን ከታች፣ በቻርጅ መሰኪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ቀዳዳ በኩል ይሰማል፤ ስልኩን ጆሯችን ላይ አድርገን ስናወራ የአፋችንን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው በስልኩ የላይኛው ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ተግባሩም በዙሪያችን ያለውን ጫጫታ ለይቶ ስልኩ ከድምፃችን እንዲቀንሰው ማገዝ ነው። በብዙ ስልኮች ላይ ስፒከር አብርተን ስናወራና ቪዲዮ ስንቀርፅም ይኸው የላይኛው ይሠራል። አንዳንድ ስልኮች ከኋላ ካሜራው አጠገብ ሦስተኛ አላቸው። «ማይኩ ተበላሽቷል» የሚለው አነጋገር እንግዲህ የትኛው እንደሆነ ካልተገለጸ ብዙም አይጠቅምም። የላይኛው ማይክሮፎን ሲደፈን፣ ስልኩ የራሳችንን ድምፅ ከጫጫታው ጋር ቀላቅሎ ሊቀንሰው ስለሚችል፣ ዋናው ማይክሮፎን ደኅና ሆኖ ሳለ እንኳ ድምፃችን ይታፈናል። የእኔ ድምፅ አንዳንዴ ጥሩ አንዳንዴ መጥፎ የሚሆንበትን ምክንያት ለመረዳት ይህን ማወቄ ትልቅ እገዛ አድርጎልኛል።

ይህን ጉዳይ በወሎ ለምንኖር ሰዎች አጥብቄ የማነሳው ሌላም ምክንያት አለኝ። በእኛ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ ሳዑዲ ዓረቢያ ወይም ሌላ የዓረብ አገር የሄደ ልጅ አለው። ስልክ የሚገዛውም በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ከልጁ ጋር ለመነጋገር ነው። ንግግሩም ስልኩን ጆሮ ላይ በማድረግ ሳይሆን ስፒከር ተከፍቶ፣ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ እናትና አባት፣ እኅትና ወንድም ከብበውት ነው። በመደበኛ ጥሪ ተፈትኖ «ይሠራል» ተብሎ የተሸጠ ስልክ፣ የላይኛው ማይክሮፎኑ ከተበላሸ ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ የማይረባ ዕቃ ይሆናል። ሻጭ ሐሰት ባይናገርም እንኳ ገዢው ተጎዳ ማለት ነው። ስለዚህ ፈተናው ስልኩ በእውነት የሚሰጠውን አገልግሎት ሁሉ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ሙከራውን የጀመርኩት ኔትዎርኩን ከጨዋታው በማስወጣት ነበር። ሲም ካርዱን አውጥቼ፣ ኢንተርኔቱንም አጥፍቼ፣ ስልኩ ላይ ባለው ድምፅ መቅጃ ድምፄን ቀዳሁ። ቅጂው ከታፈነ ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ጥርት ካለ ግን ኔትዎርኩን፣ የጥሪ ቅንብሩን ወይም የላይኛውን ማይክሮፎን መጠርጠር ይገባል። የእኔ ቅጂ ታፍኖ ነበር። ቀጥሎ በፊት ካሜራ አጭር ቪዲዮ፣ ከዚያም በኋላ ካሜራ ሌላ ቪዲዮ እያወራሁ ቀረፅኩ። በእነዚህ ድምፄ ከፍ ብሎና ጠርቶ ተሰማ። ይህ ውጤት ብቻውን ብዙ ነገር ነገረኝ፤ የላይኛው ማይክሮፎን ይሠራል፣ ድምፅ የሚያቀነባብረው የዋናው ቦርድ ክፍልም ደኅና ነው፣ ችግሩ ያለው ከታችኛው ማይክሮፎን አካባቢ ነው ማለት ነው። ነጋዴው የፈራው የቦርድ ችግር በዚህች ሙከራ ከሞላ ጎደል ተወገደ።

የትኛው ቀዳዳ የትኛው ማይክሮፎን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ቀላል ዘዴ አለ። ድምፅ መቅጃውን ከፍቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ በስልኩ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በጥፍር በቀስታ ጫር ጫር ማድረግ ነው። ቅጂው መልሶ ሲደመጥ፣ ለዚያ አገልግሎት የተመደበው ማይክሮፎን በተጫረ ጊዜ ድምፁ ጎልቶ ይሰማል። ይኸው በቪዲዮም ቢደገም የሌሎቹ ቦታ ይታወቃል። የስልኩን የራሱን መመርመሪያ መጠቀምም ይቻላል፤ በሳምሰንግ ስልኮች ላይ ሳምሰንግ ሜምበርስ በሚባለው መተግበሪያ ውስጥ የማይክሮፎን ፍተሻ አለ፤ በሺያኦሚ ስልኮች ላይ ደግሞ *#*#6484#*#* ሲደወል የታችኛውንና የላይኛውን ማይክሮፎን ለየብቻ የሚፈትሽ ገጽ ይከፈታል። ይሁን እንጂ እኔ ከእነዚህ ይልቅ በቅጂው ላይ የበለጠ እተማመናለሁ፤ መመርመሪያው «ያልፋል» ወይም «ይወድቃል» ብቻ ሲል፣ ቅጂው ግን ድምፁ ምን ያህል እንደታፈነ በጆሮ ያሰማል፣ ከጥገና በኋላም ለማነጻጸር ይቀመጣል።

ከዕቃው በፊት ቅንብሩ መታየት አለበት፤ ምንም ወጪ የለውምና። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ፣ ከስክሪኑ አናት ወደ ታች ሲሳብ በሚመጣው የአቋራጮች ሰሌዳ ላይ የማይክሮፎን መዝጊያ ሊገኝ ይችላል። ልጆች በጨዋታ ሲነካኩት ተዘግቶ መተግበሪያዎች ሁሉ ድምፅ ማግኘት ሊያቆሙ ይችላሉ። በቴሌግራም ብቻ ወይም በኢሞ ብቻ ድምፅ ካልሄደ ደግሞ ጥፋቱ ለዚያ መተግበሪያ የተነፈገ የማይክሮፎን ፈቃድ መሆኑ አይቀርም፤ በሴቲንግ ውስጥ መተግበሪያውን መርጦ ፈቃዱን መስጠት ይበቃል። ብሉቱዝ ማጥፋትም ግድ ነው፤ ሌላ ክፍል ውስጥ የተረሳ የጆሮ ማዳመጫ ተገናኝቶ ከሆነ ስልኩ የሚያዳምጠው በእሱ ማይክሮፎን ነው። ምንም ሳይሰካ የጆሮ ማዳመጫ ምልክት ስክሪኑ ላይ ከታየ መሰኪያው ውስጥ ቆሻሻ ሊኖር ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነስቶ መቅዳት ይጠቅማል፤ በዚህ ሁኔታ ከውጭ የተጫኑ መተግበሪያዎች ስለማይሠሩ፣ ድምፁ ከተስተካከለ ጥፋተኛው ከእነሱ አንዱ ነው። በእኔ ስልክ ላይ በዚህ ሁሉ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደ ቆሻሻው መጣሁ፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ደኅና የነበረ ማይክሮፎን ብዙ ጊዜ የሚገደለው በጽዳት ስም ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የስልኩን ሽፋንና የስክሪን መከላከያውን አንስቶ እንደገና መቅዳት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ያሉ ሽፋኖች አንዳንዶቹ ለሌላ ሞዴል የተሠሩ በመሆናቸው ቀዳዳቸው ከማይክሮፎኑ ጋር አይገጥምም። ሽፋኑን ሳነሳ በታችኛው ጠርዝ ላይ የኪስ ብናኝና አቧራ ተጋግሮ አገኘሁ። በበጋ ወራት የኮምቦልቻን አቧራ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። በላይኛው በኩል ደግሞ የፊትና የፀጉር ቅባት ከአቧራው ጋር ተለውሶ የጆሮ ስፒከሩን ወንፊት ይደፍነዋል። ቅባት ለምንቀባ ሰዎች ይህ የተለመደ ነገር ነው።

ማይክሮፎኑ ራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስፋት ያለው፣ በትንሽ የብረት ክዳን የተሸፈነ ክፍል ነው። በውስጡ ከሲሊከን የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን አለ፤ የድምፅ ሞገድ ሲመታው ይርገበገባል፣ ርግብግቡም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል። ይህን ስስ ሽፋን በጠንካራ አየር ግፊት ወይም በሹል ነገር መብሳት ይቻላል፤ አንዴ ከተቀደደ ደግሞ መተካት እንጂ ማከም የለም። መርፌ፣ ስፒል ወይም የሲም ካርድ ማውጫ ፒን ወደ ቀዳዳው መክተት ክልክል ነው የምለው ስለዚህ ነው። በተለይ ፒኑ ያሳስበኛል፤ የሲም ካርዱ ቀዳዳና የማይክሮፎኑ ቀዳዳ በመልክ ስለሚመሳሰሉ፣ ሲም ለማውጣት ብለው ማይክሮፎኑን የሚወጉ ሰዎች አሉ። የሲም ካርዱ ቀዳዳ በትሪው ክዳን ላይ ያለው ነው፤ ክዳን በሌለበት ጠርዝ ላይ ብቻዋን ያለች ቀዳዳ አትነካም።

«ጎሚስታ ቤት ወስደሽ በአየር አስነፊው» ያሉኝም ሰዎች ነበሩ። በቅንነት የተሰጠ ምክር ቢሆንም አልተቀበልኩትም። ለጎማ የሚሆን የኮምፕሬሰር አየር ለዚህች ስስ ሽፋን እጅግ ኃይለኛ ነው፤ በዚያ ላይ ከአየሩ ጋር የውሃና የዘይት ጠብታ ይዞ ይመጣል። በአፍ መንፋትም እርጥበት ያስገባል። ቲነር ፕላስቲኩንና ማጣበቂያውን ስለሚያሟሟ ጨርሶ አይታሰብም። ውሃ የገባበትን ስልክ ሩዝ ውስጥ መቅበርም ልማድ ሆኗል፤ የሩዝ ብናኝና ዱቄት ግን ራሱ ወደ ቀዳዳዎቹ ስለሚገባ እንዲቀር እመክራለሁ። ስልኩን አጥፍቶ፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጎ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ማቆየቱ ይሻላል።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። ስልኩን ሙሉ በሙሉ አጠፋሁ፤ ቀዳዳዎቹን ወደ መሬት አዞርኩ፤ አዲስ፣ ለስላሳና ደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይዤ በጠርዙ ላይ በቀስታ ከአንድ አቅጣጫ ወደ ሌላው ጠረግኩ። ቀዳዳው ወደ ታች መሆኑ አስፈላጊ ነው፤ ወደ ላይ ከሆነ ብናኙ መልሶ ይገባል። ከዚያ የሚጣበቅ ፕላስተር ቆርጬ ቀዳዳው ላይ ደጋግሜ ለጠፍ ነቀል አደረግኩ፤ ብሩሹ የተወውን ብናኝ ይዞ ወጣ። ለቅባቱ ደግሞ የብሩሹን ጫፍ ብቻ በአልኮል አስነካሁት። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አልኮል 70 በመቶ ስለሆነ ቀሪው ውሃ ነው፤ ስለዚህ እንዳይንጠባጠብ መጭመቅ፣ ከዚያም ስልኩን ከማብራት በፊት በደንብ እንዲደርቅ መተው ይገባል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል የሚያገኝ ሰው እሱን ይምረጥ፤ ቶሎ ይተናል። ከጽዳቱ በኋላ መደበኛ ጥሪዬ ትንሽ ተሻሻለ፤ የድምፅ መቅጃው ግን እንደታፈነ ቀረ። በርካታ ስልኮች በዚህ ደረጃ ይድናሉ፤ የእኔ አልዳነም።

ደሴ ወዳለ አንድ የሞባይል ጥገና ሱቅ የሄድኩት ይህን ሁሉ ካወቅኩ በኋላ ነበር። ይህም ከጠጋኙ ጋር የነበረኝን ንግግር ለወጠው። «ማይክ አይሠራም» ከማለት ይልቅ፣ «በድምፅ መቅጃ ታፍኗል፣ በሁለቱም ካሜራ ደኅና ነው፣ ቻርጅም አንዳንዴ ገመዱ ሲነካ ይቋረጣል» አልኩት፤ ቅጂዎቹንም አሰማሁት። ወጣቱ ጠጋኝ አንዴ አዳምጦ፣ «አብሽሩ እትዬ፣ ይሄ ቻርጂንግ ቦርዱ ነው። ማይኩ እሱ ላይ ነው ያለው፤ ዋናውን ቦርድ አንነካውም» አለኝ። በእርግጥም በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የታችኛው ማይክሮፎንና የቻርጅ መሰኪያው በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ይህች ቦርድ ከዋናው ጋር የምትገናኘው በሚነቀልና በሚሰካ ስስ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ማይክሮፎኑም ቻርጁም በአንድ ጊዜ ካስቸገሩ ቀድሞ የሚጠረጠረው እሷ ወይም ገመዱ ነው። ቦርዷን መቀየር የብየዳ ሥራ አይጠይቅም፤ ዋጋውም ሱቆቹ ከስልኬ ላይ ከቀነሱት ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነበር።

ከጠጋኝ ጋር ስትነጋገሩ ልትጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ቦርዱን ከመቀየሩ በፊት የገመዱን ሁለት ጫፎች ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ መልሶ እንዲሰካቸው ነው፤ ስልኩ በመውደቁ ገመዱ ላልቶ ብቻ ከሆነ ምንም ሳይገዛ ይስተካከላል። በእኔ ስልክ ላይ ይህ ተሞክሮ ለውጥ ስላላመጣ ቦርዱ ተቀየረ። ሁለተኛው፣ የኋላ ክዳኑ በማጣበቂያ ከመታሸጉ በፊት እዚያው ቆሞ ድምፅ መቅዳትና ቻርጅ መሞከር ነው። ተመሳስለው የተሠሩ ቦርዶች ላይ አንዳንዴ ማይክሮፎኑ ደካማ ይሆናል፣ ወይም ፈጣን ቻርጅ ይጠፋል፤ ይህን ካሸጉ በኋላ ማወቅ ለሁለቱም ወገን ድካም ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ በማይክሮፎኑና በውጭው ቀዳዳ መካከል ትንሽ ጎማና ወንፊት አለ። ጎማው ድምፅ ከውጭ ብቻ እንዲገባ ያደርጋል። ስክሪን ወይም ባትሪ ሲቀየር ጎማው ወድቆ ከቀረ፣ ማይክሮፎኑ ከስልኩ ውስጥ የራሱን የስፒከር ድምፅ ይሰማል፤ በዚህ ጊዜ የሚያናግረን ሰው «የራሴን ድምፅ መልሼ እሰማዋለሁ» ይለናል። ይህን ቅሬታ የሰማ ሰው ማይክሮፎኑን ከማስቀየሩ በፊት ጎማው በቦታው መኖሩን ያስፈትሽ።

ማይክሮፎኑ በቀጥታ በዋናው ቦርድ ላይ የተበየደባቸው ስልኮችም አሉ። የላይኛው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። እዚያ ሥራው በሙቅ አየር መሣሪያ የሚከናወን ስለሆነ የጠጋኙ ችሎታ ወሳኝ ነው፤ ወጪውን ከስልኩ ዋጋ ጋር አመዛዝኖ፣ ካልተመጣጠነ ሳያስጠግኑ ጉድለቱን ተናግሮ መሸጥ ይሻላል። ውሃ የነካውን ቦርድ በአልትራሳውንድ ማጠቢያ (በድምፅ ንዝረት በሚያጸዳ መሣሪያ) የሚያጥቡ ሱቆችም ማይክሮፎኑን ሳያነሱ እንዳያጥቡ መንገር ይገባል፤ ንዝረቱ ያንኑ ስስ ሽፋን ይጎዳዋል።

ስልኩን ለጠጋኝ ስሰጥ ሲም ካርዴንና ሚሞሪ ካርዴን አውጥቼ ነበር፤ የመክፈቻ ቁጥሬንም አልሰጠሁም። ድምፅ ለመፈተሽ ቁጥሩ አስፈላጊ አይደለም፤ ባለቤቱ እዚያው ከሆነ ራሱ ይከፍተዋል። በተለይ እኅቶቼ ይህን አጥብቀው እንዲይዙት እፈልጋለሁ፤ ፎቶና የግል መልእክት ያለበትን ስልክ ከፍቶ ትቶ መሄድ አይገባም።

አይፎን ለሚሸጡ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በአይፎን ላይም ሙከራው ተመሳሳይ ነው፤ ድምፅ መቅጃው የታችኛውን፣ የፊት ካሜራው የላይኛውን፣ የኋላ ካሜራው የኋለኛውን ማይክሮፎን ያሳያል። በአይፎን 7 እና በአይፎን 7 ፕላስ ላይ ግን ለብቻው የሚታወቅ ችግር አለ፦ በጥሪ ጊዜ የስፒከር ምልክቱ ደብዝዞ አልጫን ካለ፣ ድምፅ መቅጃውም ካልሠራ፣ ችግሩ ማይክሮፎኑ ሳይሆን በዋናው ቦርድ ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ ከቦርዱ ጋር ያለው ግንኙነት መላላቱ ነው። ይህ በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ብየዳ ይፈልጋል። ማይክሮፎን ቀይሩ ቢሏችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ላፕቶፕ የሚሸጥ ሰው ደግሞ በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ በሚለው ሥር የማይክሮፎን ፈቃድ መከፈቱን፣ በድምፅ ቅንብሩም ትክክለኛው ማይክሮፎን መመረጡንና መጠኑ ዝቅ አለማለቱን ይመልከት። አንዳንድ ላፕቶፖች ማይክሮፎኑን የሚዘጋ ቁልፍ በኪቦርዳቸው ላይ አላቸው፤ ቲንክፓድ በሚባሉት ብዙ የሌኖቮ ላፕቶፖች ላይ ኤፍ 4 ነው፣ ሲዘጋም መብራት ይበራበታል። ተማሪዎች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «ማይኩ ሞቷል» የሚሉት ላፕቶፕ በዚህች ቁልፍ ብቻ ሊድን ይችላል።

ቦርዱ ከተቀየረ በኋላ ሙከራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩ፦ ድምፅ መቅጃ፣ ሁለቱ ካሜራዎች፣ መደበኛ ጥሪ፣ የስፒከር ጥሪ፣ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት፣ ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ። ጸጥ ካለ ክፍል ሌላ ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ዳር ቆሜም ደወልኩ፤ ጫጫታ የሚቀንሰው የላይኛው ማይክሮፎን በትክክል መሥራቱ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሁሉም ሲስተካከል ፎቶዎቼን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩ፤ የጉግል አካውንቴን ከስልኩ ላይ አስወገድኩ፤ በመጨረሻም ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መለስኩት። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ አካውንቱ ሳይወገድ በሪከቨሪ በኩል (ስልኩ ሲነሳ ቁልፎቹን በመጫን በሚከፈተው ገጽ) የስልኩን መረጃ የሰረዘ ሰው፣ ገዢው ሲከፍተው የቀድሞውን አካውንት የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያደርገዋል። አይፎን ያለው ሰውም ፋይንድ ማይ የሚባለውን የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አገልግሎት አስቀድሞ መዝጋት አለበት። ስልኩ ከተመለሰ በኋላ የድምፅ መቅጃውን እንደገና ሞከርኩ፤ ቅንብሩ ሲለወጥ ምንም አለመበላሸቱን ማረጋገጥ ስለፈለግኩ ነው።

ስልኩን የገዙኝ ሳዑዲ ያለች ልጃቸውን ማነጋገሪያ የሚፈልጉ አንዲት የኮምቦልቻ እናት ነበሩ፤ ከታናሽ ልጃቸው ጋር መጡ። የታችኛው ቦርድ መቀየሩን፣ ከተከፈተ በኋላ የስልኩ የውሃ መከላከያ እንደ ቀድሞው ሊሆን እንደማይችል፣ ዋናው ቦርድ ግን አለመነካቱን ነገርኳቸው። «እማማ፣ እኔ ሠራ ስላልኩዎት አይግዙት፤ ልጅዎ ሲሙን ያስገባና ይሞክረው» አልኳቸው። ልጁ በኢሞ ደውሎ ስፒከሩን ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። «ትሰሚኛለሽ ልጄ?» አሉ፤ «እማዬ፣ አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለው» ስትል ሁላችንም ሰማን። ዋጋው ላይም ብዙ አልተከራከርንም፤ ሱቆቹ ከጠሩልኝ ብዙ ከፍ ባለ ሒሳብ፣ የጥገናው ወጪ ተቀንሶ እንኳ ትርፍ በሚተርፍበት ዋጋ ተስማማን።

ለሸጡት ዕቃ ጉድለት በሕግም ተጠያቂ ሊሆኑ እንደሚችሉ ብዙ ሻጮች አያውቁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2287፣ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ለገዢው መድን እንዲሆን ይደነግጋል። ስለዚህ አጭር ወረቀት ጻፍን፦ የስልኩ ሞዴል፣ *#06# ሲደወል የሚወጣው መለያ ቁጥር፣ የተቀየረው ክፍል፣ ማይክሮፎኖቹ በገዢው ፊት መሞከራቸው፣ ዋጋውና ቀኑ ሰፍሮበት ሁለታችንም ፈረምን።

ገዢው ሩቅ ሆኖ በቴሌግራም ለምትሸጡ ደግሞ፣ ወረቀቱ ላይ ከምታሰፍሩት ሌላ ሦስት አጫጭር ቅጂዎችን አስቀድማችሁ ላኩለት፦ አንድ በድምፅ መቅጃ፣ አንድ በፊት ካሜራ፣ አንድ በኋላ ካሜራ፤ በእያንዳንዱም ቀኑንና የስልኩን ሞዴል በድምፃችሁ ተናገሩ። ዕቃው ሲደርሰው እሱም እነዚያኑ ሦስቱን ቀድቶ ቢልክላችሁ፣ ስልኩ በመንገድ ላይ ተጎድቶ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ሁለታችሁም ወዲያው ታውቃላችሁ።